ስንት ኩንታል ይፈጫል?

ልጅ ሳለሁ «አባትህ የት ነው የሚሠሩት?» ስባል «ባቡር» እላለሁ። ውሸት አልነበረም። በእኛ ሰፈር ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። «ባቡር ቤት ሂድ» ከተባልክ እህል ተሸክመህ ነው የምትሄደው።

ጉዱ የመጣው ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው። መምህራችን የሚጨስ ባቡር ሥዕል ሰሌዳው ላይ ለጠፉ። እጄን አወጣሁና «ይሄንን አባቴ ናቸው የሚነዱት» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ አመነኝ። ከሁሉም አብልጬ ያመንኩት ግን እኔው ነኝ። በቀጣዩ ቅዳሜ እማዬ በቆሎ አሸክማ ስትልከኝ ወፍጮ ቤቱን ዞሬ ዞሬ ሐዲድ ፈለግኩ። ያገኘሁት የሚጮህ የናፍጣ ሞተር፣ ረጅም ቀበቶና ከእግር እስከ ራሳቸው ዱቄት የለበሱ አባቴን ነው።

አድጌ ቃሉን ስፈትሸው ለካ ብዙም አልተሳሳትኩም። ባቡር የፈረንጆቹ «ቫፖር» ነው፤ እንፋሎት ማለት ነው። ቃሉ ከእንፋሎት ተነስቶ ሐዲዱም ላይ ወጣ፣ ወፍጮ ቤትም ገባ።

ዛሬ አርባዎቹን ጀምሬያለሁ። ያ ያጣሁት ሐዲድ ጓሮዬ ውስጥ አለ። ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ነው። አቮካዶውን ዞሮ፣ በእንሰቶቹ ሥር አልፎ፣ ወደ በረንዳው ይመለሳል። ላዩ ላይ የምትሄደው ሎኮሞቲቭ ከክንዴ ታጥራለች። ነገር ግን እውነተኛ ቦይለር አላት፤ ውኃ አፍልታ፣ በእንፋሎቱ ፒስተን ገፍታ ነው የምትሄደው። እንግሊዝ አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ በካልሲና በሹራብ ጠቅልሎ በሻንጣው አመጣልኝ። ጋዙን ግን አውሮፕላን ላይ አያስጭኑም። እሱን ከዚሁ ከገበያ ነው የምገዛው፤ ላይተር የሚሞሉበት ቡቴን።

አብዛኛው ሰው ባቡር ሲወድ ረጅሙንና ፈጣኑን ነው የሚወደው። የእኔ ዓይን የሚሄደው ወደ ጉልበት ሠራተኞቹ ነው። ድንጋይ ካባ፣ ማዕድን ጉድጓድ፣ ሸንኮራ እርሻ ውስጥ ሲጎትቱ የኖሩት፣ ቁመታቸው አጭር፣ ጭስ ማውጫቸው ረጅም የሆኑት። በ1876 በርሊን ውስጥ የተቋቋመው ኦሬንስታይን ኡንድ ኮፕል እንዲህ ያሉትን በሺዎች ሠርቶ ለዓለም ሸጧል። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ዌልስ ውስጥ ያለው የፌስቲኒዮግ ሐዲድ ደግሞ ለጣሪያ የሚሆን ድንጋይ ከተራራ ወደ ወደብ ያወርድ ነበር። መጀመሪያ ላይ ፉርጎዎቹ ቁልቁለቱን በራሳቸው ክብደት ይወርዳሉ፤ ባዶውን ሽቅብ የሚመልሱት ፈረሶች ናቸው። ፈረሶቹም ሲወርዱ ፉርጎ ተሳፍረው ነው! ይህችን ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ። እንፋሎት የገባው በ1863 ነው። የዚያ ሐዲድ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለ19 ስታካፍለው የእኔ ጓሮ ላይ ትደርሳለህ።

የእኛው የጅቡቲ መስመር አንድ ሜትር ነበር። በ1897 ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ጅማ አልደረሰም። እኛ አዲስ አበባ ለመድረስ ዛሬም 350 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ነው። እንግዲህ በከተማው ውስጥ በሐዲድ ላይ የምትሄድ ባቡር ቢባል የእኔዋ ሳትሆን አትቀርም። ይህን ለጎረቤቶቼ ደጋግሜ ስለነገርኩ አሁን አይሰሙኝም።

በአጠቃላይ ሦስት አሉኝ። የመጀመሪያዋ ማሞድ ናት፤ እንግሊዞች ለልጅ መጫወቻ ብለው የሠሯት። ሲሊንደሯ እንፋሎቱን የሚያስገባና የሚያስወጣ ቫልቭ የለውም። ሲሊንደሩ ራሱ እሽሩሩ እንደተባለ ሕፃን እየተወዛወዘ የእንፋሎቱን ቀዳዳ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የምትነደው እንደ ከረሜላ በተጠፈጠፈ ነጭ ደረቅ ነዳጅ ነው። እሱ ሲያልቅብኝ ከሳርዲን ቆርቆሮ የአልኮል ማንደጃ ሠራሁላት። ነደደች፤ ከመጠን በላይ ነደደች። መታጠፊያው ላይ ከሐዲድ ወጥታ የጎረቤት ዶሮ አሳደደች። አሁን መደርደሪያ ላይ ጡረታ ወጥታለች። ሁለተኛዋ በካርቶን ውስጥ ተፈታታ ተቀምጣለች፤ ስለ እሷ ሌላ ቀን።

ሦስተኛዋ ናት ራስ ምታቴ። ስትመጣ እሳቷ ቢጫ ነበር፤ ድስት ጥላሸት የሚያለብስ ዓይነት። ግፊቷ አይወጣም። ስንት ቀን ጋዙን ስጠረጥር ከረምኩ። ጥፋቱ የአየሩ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ትበልጣለች። ማንደጃዋ የተለካው ለዝቅተኛ አገር ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ጋዙ የሚበቃውን ያህል አየር አያገኝም። መፍትሔው የማንደጃዋን የአየር ቀዳዳ ማስፋት ነው፤ በወሬ ደረጃ ቀላል። አንድ ቶርኖ ቤት ሰጠሁት። «ትንሽ ብቻ» ብዬ ነበር። ባለሙያው በትልቁ መብሺያ አንዴ ጠቅ አድርጎ መለሰልኝ። «ትንሽ» ለእሱና ለእኔ አንድ አልነበረም። ሌላ ማንደጃ እስኪመጣ አምስት ወር ጠበቅኩ።

ሁለተኛውን ለማንም አልሰጠሁም። ቀጭን ክብ ሞረድ ገዛሁ። ሦስት ጊዜ እሞርዳለሁ፣ እገጥማለሁ፣ እለኩሳለሁ፣ እሳቱን አያለሁ። ቢጫ። እንደገና ሦስት ጊዜ። ሁለት ሳምንት ከሥራ መልስ ይሄው ነው ሥራዬ። አንድ ማታ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ብቅ አለ። በማግስቱ እሳቱ በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ በቱቦው ውስጥ «እምምም» ማለት ጀመረ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «እሳት ነው» አለች። እውነቷን ነው።

የፊትና የኋላ መከላከያዋንም ቀየርኩ። ፕላስቲኩን ነቅዬ ዋንዛ አደረግኩባት። በርጩማ የሚፈለፍሉት ሽማግሌ ከቁርጥራጩ አውጥተው ሠሩልኝ። ልኩን ስነግራቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ለአይጥ በርጩማ ነው?» አሉኝ። ገንዘብም አልተቀበሉኝም።

ዛሬ አባባ መጡ። ይህን የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ስለ ባቡሯ ሰምተዋል እንጂ አይተዋት አያውቁም። ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ቡናው እስኪቆላ እኔ ሐዲዱን ጠራረግኩ። ዝናቡ ሌሊት ስለዘነበ ቅጠል ሞልቶታል። ቦይለሯን ከጣሪያ በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ሞላሁ፤ ኖራ ስለሌለው ውስጧ ቅርፊት አይሠራም። ጋዝ ሞላሁ። ወፍራሙን ዘይት በሲሪንጅ ጨመርኩ። ክብሪት ጫርኩ። አባባ አንድም ነገር አልጠየቁም። ጌጁ 40 ፒኤስአይ ሲደርስ፣ ከመኪና ጎማ ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ መክፈቻውን ዞር አደረግኩ። ውኃ ተፋች፤ ከዚያ ተንቀሳቀሰች።

ሁለቴ አቮካዶውን ዞረች። ሦስተኛው ላይ አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስንት ኩንታል ይፈጫል?»

እማዬ ከጓዳ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ጆሯቸውን ወደ ሐዲዱ አዘንብለው ነበር።

«ታነክሳለች» አሉ።

«ምን?»

«ስማት እንጂ። ሦስቱ ደህና ነው። አንዷ ትሰንፋለች።»

ሲሊንደሯ ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ በሁለት በኩል ይገፋል። ስለዚህ ጎማዋ አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ትተነፍሳለች። ይህን እኔ ከመጽሐፍ ነው ያወቅኩት። አባባ ሎኮሞቲቭ ሲሄድ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። አቀዘቀዝኳትና ቁጢጥ ብዬ ሰማሁ። ቹ፣ ቹ፣ ቹ፣ ሽ። ቹ፣ ቹ፣ ቹ፣ ሽ። ስድስት ወር ሙሉ ስነዳት ይህን አልሰማሁም። እንዲያውም ድምጿ እንደዚያ ነው ብዬ ወድጄው ነበር።

እስክትበርድ ቡና ጠጣን። ከዚያ የግራውን ክዳን ፈታሁ፤ አራት ብሎን ናት፣ እያንዳንዷ የጤፍ ታናሽ እህት። አባባ ብሎኖቹን በሲኒ ማስቀመጫ ያዙልኝ። የቫልቩ ዘንግ ግማሽ ዙር ያህል ዞሮ ነበር። በእሱ የተነሳ ቫልቩ በአንድ በኩል ዘግይቶ ይከፍታል። ወደ ቦታው መለስኩት፣ ገጠምኩ፣ ለኮስኩ።

ቹ፣ ቹ፣ ቹ፣ ቹ።

«እንዲህ ነው እንጂ» አሉና ሁለተኛውን ሲኒ ጠየቁ።

ሊሄዱ ሲሉ ከፌስታላቸው አንድ ነገር አወጡ። ለካ ይዘውት መጥተው እስካሁን አላሳዩኝም። አፈ ረጅም የዘይት ቆርቆሮ ነው፤ የወፍጮው። ቂጡን ስትጫነው «ጠቅ» የሚለው። ልጅ ሆኜ እንዳልነካው አባባ ይቆጡኝ የነበረበት። «ላንተዋ ባቡር» አሉ። ወዲያው ሞከርነው። የቆርቆሮው አፍ ከባቡሯ ዘይት መቀበያ ይሰፋል፤ ግማሹ ዘይት በአዲሱ ዋንዛ ላይ ፈሰሰ።

አባባ አፉን በጣታቸው ለኩት። «ይሄማ መቅጠን ነው ያለበት» አሉ። «ቶርኖ ቤት እንዳትሰጠው ታዲያ። ሞረድህን አምጣ።»