«ይህ የእኔ ፊደል አይደለም»

ስልኩ የጮኸው ታኅሣሥ 25 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ደዋዩ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የድርጅታችን የቆየ ደንበኛ ነበር። ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር ቤተሰቡን ይዞ ሊመጣ ተዘጋጅቷል። እዚያ ገና ጠዋት ነውና ልጆቹን ቁርስ ላይ ሰብስቦ የሚሄዱበትን አገር ሊያሳያቸው ድረ ገጻችንን ከፍቷል። «እኅቴ፣ ላሊበላ ይታየኛል፤ ሐረር ግን የለም። ዓባይም የለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴም የለም። አንሥታችሁት ነው?» አለኝ።

አላነሣነውም። የምሠራበት አነስተኛ ድርጅት እንግዶችን አገር ያስጎበኛል፤ ከዚያ ጎን ለጎን ግን ለብዙ ዓመታት የተሰበሰቡ ከ400 በላይ ፎቶግራፎችን በድረ ገጹ ላይ ያሳያል። ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ፎቶግራፎቹን አይቶ ነው። ፎቶግራፎቹን ያነሡት፣ የሰየሙትና የሚጠብቁት አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ቀድሞ የአማርኛ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን ነው የምንጠራቸው። እያንዳንዱን ፋይል በአማርኛ ነው የሚሰይሙት። የድረ ገጹ ሥራ ደግሞ የእኔ ነው።

መጀመሪያ የከፈትሁት በራሴ ኮምፒውተር ላይ ያለውን የሙከራ ቅጂ ነበር። ሁሉም ፎቶግራፍ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ቀጥሎ ሕዝብ የሚያየውን ገጽ ከፈትሁ። ደንበኛው እውነቱን ነው፤ ከአራቱ አንዱ ቦታ ባዶ ክፈፍ ሆኗል። በክፈፉ ማእዘን ላይ የተቀደደች ትንሽ የሥዕል ምልክት አለች፤ አጠገቧ የፎቶግራፉ መግለጫ በጽሑፍ ተቀምጧል። መግለጫውን አየሁት እንጂ አላነበብሁትም። አንብቤው ቢሆን ኖሮ የዚያን ዕለት ሦስት ሰዓት ባልባከነ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ «ትናንት የቀየርነው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ፎቶግራፎቹ ላይ ምንም አልነካንም» አልሁት። ያን ጊዜ እውነት መስሎኝ ነበር።

እኛ አገር ምስል ካልታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኔትወርኩ ነው። ባልደረባዬም «ፎቶዎቹ ከብደው ይሆናል» አለ። እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ በግምት ማባረር አይቻልም፤ ብራውዘሩን መጠየቅ ነው። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ ላይ ኤፍ 12 የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ የገንቢዎች መሣሪያ ይከፈታል። እዚያ ኔትወርክ በሚለው ክፍል ውስጥ ገጹ የጠራው እያንዳንዱ ፋይል ተራ በተራ ተዘርዝሮ፣ ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ምን ብሎ እንደመለሰ በቁጥር ይታያል። የከበደ ፎቶግራፍ ከሆነ ጥያቄው ተንጠልጥሎ ይቆያል። እኔ ያየሁት ግን በቀይ የተጻፈ 404 ነው፤ መልሱም የመጣው ወዲያውኑ ነው። ሰርቨሩ አልተንቀራፈፈም። በፍጥነትና በእርግጠኝነት «የጠራሽው ፋይል የለም» እያለኝ ነበር።

ከዚያ የአድራሻውን አጀማመር መረመርሁ። በተመሰጠረው መንገድ፣ በኤችቲቲፒኤስ፣ የተከፈተ ገጽ ምስሎቹን በቀድሞው ባልተመሰጠረ መንገድ ሲጠራ ብራውዘሮች ወይ አድራሻውን በራሳቸው ይቀይሩታል ወይ ይከለክሉታል፤ ያን ጊዜም ኮንሶል በሚባለው ክፍል ማስጠንቀቂያ ይጽፋሉ። የእኛ አድራሻዎች ግን በሙሉ ደኅና ነበሩ።

ቀጥሎ የሠራሁት ስሕተት ዛሬም ይቆጨኛል። የሐረር ፎልደር ውስጥ ያለ አንድም ፎቶግራፍ አይታይም፤ የላሊበላ ግን ሁሉም ይታያል። አንድ ፎልደር በሙሉ ሲጠፋ የፈቃድ ጉዳይ ይመስላል። ፈቃድ የከለከለው ፋይል ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው 403 መሆኑን አውቃለሁ፤ 404 ፊቴ ላይ ተጽፎ እያየሁት እጄ ግን የለመደውን ሠራ። የፎልደሮቹን ፈቃድ ከሚገባው በላይ ከፈትሁ፤ ምንም አልተለወጠም፤ መልሼ ለመዝጋት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የሕዝብ ሰርቨር ላይ በጭንቀት ፈቃድ መክፈት በር ክፍት ትቶ ሌባ እንደ መፈለግ ነው።

አራተኛው ሙከራዬ ፍሬ ሰጠ፤ ስለዚህም ይበልጥ አሳሳተኝ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከዊንዶውስ ሰርቨር ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ተዛውረን ነበር። አንዳንድ ካሜራዎች የፋይሉን ቅጥያ፣ ማለትም ጄፒጂ የሚለውን፣ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ይጽፉታል። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ አንድ ይቆጥራል፤ ሊኑክስ ለይቶ ነው የሚያየው። በዚህ ምክንያት የጠፉ አሥራ አንድ ፎቶግራፎች አገኘሁና አስተካከልሁ፤ ወዲያው ታዩ። እፎይ ብዬ ወንበሬ ላይ ተደገፍሁ። ከዝውውሩ ቀን ጀምሮ እንደጠፉ ማንም ልብ አላለም ነበር ማለት ነው። ሐረር ግን አሁንም የለም። ዓባይም የለም።

ወደ ሰርቨሩ ገብቼ የፎልደሮቹን ዝርዝር አወጣሁ። የሐረር ፎልደር አለ! ፎቶግራፎቹም በውስጡ በሙሉ አሉ። በአንዱ መስኮት ሰርቨሩ የያዘውን ስም፣ በሌላው ገጹ የሚጠራውን ስም ጎን ለጎን አስቀምጬ ሃያ ደቂቃ ያህል አፈጠጥሁባቸው። ሁለቱም ለእኔ ሐረር ናቸው። ሁለቱንም አፌ እኩል ያነባቸዋል። ባሕርይው የማይታወቅ የሰርቨር ብልሽት ነው ብዬ ሰርቨሩን ለሚያከራየን ድርጅት ደብዳቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

በዚህ መካከል ጋሼ ደኅና እደሩ ሊሉን ገቡ። ፊቴን አይተው ጠጋ አሉ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው በቀይ የተጻፈውን ዝርዝር ማንበብ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ይህን ማን ጻፈው?»

«እርስዎ የሰየሟቸው ፋይሎች ናቸው ጋሼ።»

«ይህ የእኔ ፊደል አይደለም» አሉ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «እኔ ሥላሴን በእሳቱ ሰ ጽፌ አላውቅም፤ በንጉሡ ሠ ነው የምጽፈው። ሐረርን በሐመሩ ሐ ነው፤ ይሄ ሃሌታው ነው። ዓባይን በዐይኑ ነው፤ ይሄ አልፋው ነው። ይህችን ደግሞ እያት።» ድምፃቸው ተለወጠ። «የሠዓሊው ፎቶግራፍ ነው። ‹ሰአሊ› ተብሏል። በግእዝ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፤ ሰአለ ግን ለመነ፣ ማለደ ነው። ‹ሰአሊ ለነ› ስንል አማልጅን ማለታችን ነው። ሰውየውን ከሥዕል አስነሥተው ለማኝ አደረጉት።»

ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ማን እንዳደረገው አውቄዋለሁ። እኔ ነኝ።

ከአንድ ቀን በፊት፣ ታኅሣሥ 24 ማታ፣ የድረ ገጹን ፍለጋ አሻሽዬ ነበር። ጎብኚ «ፀሐይ» ብሎ ሲፈልግ በፀሐዩ ፀም ይጽፈዋል በጸሎቱ ጸም፤ ቀጥሎ የምትመጣዋንም ፊደል ከሦስቱ ሀ፣ ሐ እና ኀ በአንዷ። አንዲቱ ቃል ብቻ ስድስት መልክ ይኖራታል። ስለዚህ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ ኮድ ጻፍሁ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነዘሮቻቸው። ለፍለጋ ይህ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ዛሬም እሟገትለታለሁ። ጥፋቴ የተሠራበት ቦታ ላይ ነው። ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተለየ ዓምድ ማበጀት ሲገባኝ፣ ኮዱን በመረጃ ቋቱ ዋና ሠንጠረዥ ላይ አስኬድሁት። መግለጫዎቹን ቀየራቸው፤ ከእነርሱ ጋር የፎቶግራፎቹን አድራሻም ቀየረ። ሰርቨሩ ላይ ያሉት ፋይሎች ግን በጋሼ ፊደል እንደተሰየሙ ቀሩ። ላሊበላ፣ ኮንሶ፣ ራስ ዳሸን፣ ድሬዳዋ የሚነካ ፊደል ስለሌላቸው ተረፉ። የሙከራ ቅጂዬ ደግሞ የቀድሞውን የመረጃ ቋት ይዞ ስለነበር ሁሉንም ያሳየኝ ነበር።

ፊደላችን ለየቋንቋው ፊደል የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አግኝቷል። ሥ 1225 ነው፣ ስ ደግሞ 1235። ሰርቨሩ ድምፅ አይሰማም፤ ቁጥር ነው የሚያመሳክረው። ብራውዘሩም ቢሆን ሳይደብቅ ነግሮኝ ነበር፤ የአማርኛ አድራሻ ከብራውዘር ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል በፐርሰንት ምልክት ወደተከፋፈለ ዘጠኝ ምልክት ይቀየራል። ሁለቱን ስሞች በዚያ መልክ ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው ልዩነታቸው በአንድ አፍታ ይታይ ነበር። እኔ ግን በድምፅ ነው ያነበብኋቸው፤ ትምህርት ቤት «ሁሉም ያው ነው» ተብሎ እንዳደገ ሰው። ጋሼ በዐይናቸው አነበቡ።

ሠንጠረዡን በየሌሊቱ ከምናስቀምጠው መጠባበቂያ ቅጂ መለስሁት፤ ከዚያ ወዲህ የገቡትን ሁለት መዝገቦች በእጄ ጻፍኋቸው፤ የፍለጋውን ኮድ ወደ ራሱ ዓምድ አዛወርሁት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሐረር ተመለሰች። ዓባይ ተመለሰ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች አንድ በአንድ ሲገለጡ ጋሼ ቆመው ያዩ ነበር።

ሰባት ፎቶግራፎች ግን አሁንም አልመጡም። እነዚህ በምንም መንገድ ቢፈለጉ ሰርቨሩ ላይ ጭራሽ የሉም። ምክንያታቸው ሌላ ነበር፤ ከፊደላችን ጋር ለሚሠራ ሁሉ ሊታወቅ የሚገባ ስለሆነ በዝርዝር እጽፈዋለሁ። ሊኑክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት (ባይት ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚለካበት ትንሽ ቦታ ነው) መብለጥ አይችልም። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይይዛል፤ አንድ የግእዝ ፊደል ግን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሦስት ባይት ነው። ስለዚህ 255 የላቲን ፊደል የሚይዘው ቦታ ለእኛ 85 ፊደል ላይ ይሞላል። ዊንዶውስ በባይት ሳይሆን በፊደል ስለሚቆጥር 255ቱንም ይፈቅድልናል። ጋሼ ደግሞ ፋይል ሲሰይሙ ቦታውን፣ ሰውየውን፣ ሰዓቱንና ወሩን ሳይጽፉ አይተዉም። ረጃጅሞቹ ስሞች በዝውውሩ ጊዜ መግቢያ አጡ። የመገልበጫው ፕሮግራም ስሙ ረዝሟል ብሎ ሰባት ጊዜ በመዝገቡ ላይ ጽፏል። መዝገቡን ያነበበው ሰው የለም፤ ፎቶግራፎቹ መግባታቸውን እንጂ ስንት እንደገቡ አልቆጠርንም። የአሮጌው ሰርቨር ኪራይ የሚያበቃው በወሩ መጨረሻ መሆኑ አዳነን። አምስት ቀን ቢዘገይ የሚመለሱበት መንገድ አልነበረም።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጃችን ነገሩን ሰምተው «ከእንግዲህ አማርኛ ስም ይቅር፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሰየም» አሉ። ጋሼ ምንም ሳይመልሱ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ተቃወምሁ። አማርኛው ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሥላሴን በላቲን ብጽፈውስ አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት ኤስ አይደለም ወይ የሚጽፈው? ችግሩን ከአንድ ፊደል ወደ ሌላ ፊደል ማሻገር ይሆናል። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፦ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል ቁጥር ብቻ ይይዛል፤ የጋሼ ስም ደግሞ ከነምልክቱ፣ ከነርዝመቱ፣ ማንም ኮድ በማይነካው የራሱ ዓምድ ይቀመጣል፤ ጎብኚ የሚያየውም እርሱን ነው። ለዝውውርም አንድ ደንብ ጨመርን፤ ከመዛወራችን በፊትና በኋላ ፋይሎቹ ይቆጠራሉ፤ ከዚያም ፕሮግራም በገጾቹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ምስል ጠርቶ 200፣ ማለትም «ፋይሉ ይኸው»፣ ያልመለሰውን ሁሉ ይዘረዝራል። ይህን ፕሮግራም ለመጻፍ ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም።

ታኅሣሥ 27 ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼና እኔ ሰባቱን ፎቶግራፎች ከአሮጌው ሰርቨር እያወረድን አስገባናቸው። እርሳቸው ከማስታወሻ ደብተራቸው ስሙን ያመሳክራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁለት ጊዜ አረሙኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ በእሳቱ ሰ ጽፌ ነበር። የመጨረሻው የሠዓሊው ፎቶግራፍ ነበር። ገጹን አደስሁት፤ ምስሉ ከላይ ወደ ታች ተገለጠ። ጋሼ ከሥሩ ያለውን ስም ጮክ ብለው አነበቡ፦

«በጣና ሐይቅ ደሴት ላይ የተወለዱት ሠዓሊ የአባታቸውን ብሩሽ ይዘው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ በዛፍ ጥላ ሥር የሥላሴን ሥዕል ሲሠሩ ከዓሣ አጥማጆች ታንኳ አጠገብ ኅዳር 1998።»