ለአዲሱ ዓመት ከጅማ፦ ባዶውን ጆንያ እናውጣው

ወዳጆቻችን፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! ጅማ ላይ ዝናቡ ገና አላባራም፤ ቡናውም አረንጓዴ ነው። ጥቅምት ገብቶ መቅላት ሲጀምር ሁሉም ወደ ለቀማ ስለሚወጣ ቁጭ ብሎ ለማውራት ጊዜ አይገኝም። የምንለምናችሁን አሁን እንለምናችሁ፦ በዚህ መስከረም ከሰፈራችሁ ሰዎች ጋር ያንን የቡና ዋጋ የወደቀበትን ክፉ ዘመን በጆንያ ላይ ሳሉት።

በ1981 ክረምት፣ እያንዳንዱ አገር የሚልከውን የቡና መጠን ይወስን የነበረው የዓለም ቡና ስምምነት ኮታ ሲፈርስ ዋጋው ተንኮታኮተ። በ1986 ክረምት ብራዚልን ውርጭ ሲመታት ቀና አለ። ኋላ ደግሞ የቬትናምና የብራዚል ቡና ገበያውን አጥለቀለቀውና በ1994 ኒውዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። በጆንያ ቁጠሩት፦ 60 ኪሎ ንጹህ ማለትም የተፈለፈለ ቡና 132 ፓውንድ ነው፤ ያ ሁሉ ከ66 ዶላር በታች፣ ያውም ገበሬው ደጃፍ ሳይሆን ኒውዮርክ ላይ። አንዱ ኪሎ ንጹህ ቡና ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት፣ ማለትም ገና የተለቀመ ቀይ ፍሬ፣ ስለሚፈጅ በአንድ ጆንያ ውስጥ ቢያንስ 300 ኪሎ በእጅ የተለቀመ ፍሬ አለ። ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለውን ሰው ከመውቀሳችን በፊት ይህን ሂሳብ እንየው።

መጀመሪያ ወሬውን ሰብስቡ። አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ዋጋ ሲነግሯችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዓመቱን፣ መለኪያውን፣ ዓይነቱን። አንዱ በኪሎ፣ ሌላው በፈረሱላ ያወራል፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንዱ እሸት፣ ሌላው ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ)፣ ሌላው ንጹህ ቡና ይላል። ሳይለዩ የተጻፈ ዋጋ ሥዕሉን ውሸት ያደርገዋል። ከብሩ ይልቅ ደግሞ የሚገዛውን ነገር ጠይቁ፦ አንድ ደብተር፣ አንድ ጠርሙስ ላምባ ስንት ኪሎ ጀንፈል ይፈጅ ነበር? ይህን ሰው አይረሳም። የባለዕዳ ስም ግን ጆንያ ላይ አይጻፍ፤ ልጆቹ እዚሁ ሰፈር አሉ።

ጆንያው የቃጫ ይሁን። ማዳበሪያ የምንለው ፕላስቲኩ ቀለም አይጠጣም፤ በሳምንቱ ይላጣል። ቃጫውም ሲፈተል ዘይት ስለሚነካ በሳሙና ካልታጠበ ቀለሙን ይገፋል። ስፌቱን ፍቱ፣ ሁለቱንም ገጽ በብሩሽ ጠርጉ፣ እጠቡና ጥላ ላይ አድርቁ። ሳይታጠብ በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ጆንያ በኋላ ሲረጥብ ይኮማተርና ፍሬሙን ያጣምማል። ፍሬሙ ከደረቀ ሞራሌ ይሠራ፤ እርጥብ ባህር ዛፍ ራሱ ይጣመማል። ጠርዙን ሁለት ጊዜ እጠፉት፤ ሽመናው ልል ስለሆነ የምስማሩ ራስ ሾልኮ ይወጣል። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ማዕዘን፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ወገን፣ በየ5 ሳንቲሜትሩ ምቱ።

ከዚያ አንድ እጅ የእንጨት ኮላ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጡና ሁለት ጊዜ ቀቡት፤ በመካከሉ አንድ ቀን ይደር። የዱቄት ሙጫ ርካሽ ነው፣ ግን በጅማ እርጥበት ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል። ነጩን የግድግዳ ቀለም በስሱ ሁለቴ እንጂ አንዴ በወፍራሙ አትቀቡ፤ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። እባካችሁ ጆንያውን በሙሉ ነጭ አታድርጉት! ሽመናውና የታተመበት ፊደል የሚታይበት ቦታ ይቅር፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

ቀለሙን ከእግራችሁ ሥር ታገኙታላችሁ። ቀዩን አፈር በባልዲ ውሃ በጥብጡ፣ አሸዋው እስኪዘቅጥ ጥቂት ታገሡ፣ ላይ ላዩን ድፍርስ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። በማግሥቱ የጠለለውን ውሃ ድፉና የቀረውን ጭቃ አድርቃችሁ ውቀጡ። ሁለት ማንኪያ አፈር ለአንድ ማንኪያ ኮላ፣ ውሃ እንደ አስፈላጊነቱ። ኮላው ካነሰ ሲደርቅ እጅ ላይ ይበናል፤ ከበዛ ያብለጨልጫል። መጀመሪያ በቁራጭ ጆንያ ሞክሩት፣ ደርቆም በጣት ሲታሽ እዩት። ጥቁሩን ከከሰል አድርጉ። ለቡናማው ወፍራም የጀበና ቡና ይበቃል፤ አተላው ግን አይግባበት፣ ይሻግታል።

ምን ይሳል ለምትሉ፣ በየሥዕሉ ቅርንጫፍና ጀበና እናያለን። መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብለው የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ ቀኑን ሙሉ ሲለቅሙ የኖሩትን ሴቶች ግን ማን ሳላቸው? ዋጋው ሲወድቅ የቀን ሥራ ቀድሞ የሚቋረጥባቸው እነሱ ናቸው። ጎንበስ ያለ ጀርባ፣ የተቀደደ ነጠላ፣ ጣቶችና አንድ ጥቁር ፍሬ፤ አንድ ጆንያ በዚህ ይሞላል። ፊታቸውን የምትስሉ ከሆነ ፈቅደው ይሁን፣ ሥዕሉንም ከሁሉ በፊት እነሱ ይዩት።

ሥዕሉ ሲያልቅ አጣጥፋችሁ አታስቀምጡት። ከፍሬሙ አውጥታችሁ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ቱቦ ላይ ጠቅልሉት፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይጨማደድና ይረግፋል። አሥር ሰፈር አንዳንድ ካመጣ በጆንያ መርፌና በሲባጎ ጎን ለጎን ይሰፋል። በዚህ ሳምንት የነከራችሁት ጆንያ ለመስቀል በዓል፣ እዚሁ ጅማ ሂርማታ ገበያ ዳር ከዝናብ በሚያስጥል ቆርቆሮ ሥር ለመሰቀል ይደርሳል። መልካም አዲስ ዓመት!