የኢትዮጵያንና የኬንያን የጎልማሶች ትምህርት ትንበያ በልደት ዘመን ያነጻጸርኩበት መንገድ

በጎልማሶች ትምህርት ላይ ለሚሠሩ ባልደረቦቼ ማብራሪያ ለማዘጋጀት፣ ዝቅተኛ ትምህርት ያላቸው ሰዎች በኢትዮጵያና በኬንያ እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ምን ያህል እንደሚሆኑ የሚያሳዩትን ትንበያዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ መመርመር ነበረብኝ። መረጃውን ያገኘሁት ቪየና ከሚገኘው የዊትገንስታይን የሥነ ሕዝብ ማዕከል የመረጃ ቋት ሲሆን፣ አብዛኛውን ሥራ ያከናወንኩት አራት ኪሎ በሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው። ዝቅተኛ ትምህርት ያላቸው ስል ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ትምህርት ቤት ፈጽሞ ያልገቡትን ወይም የመጀመሪያ ደረጃን ጀምረው ያላጠናቀቁትን ማለቴ ነው። ዓመታቱም ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትንበያውን አሠራር ሳይረዱ ወደ ቁጥሩ መግባት ትርፉ ድካም ነው። ሕዝቡ በጾታ፣ በአምስት ዓመት የዕድሜ ምድብና በትምህርት ደረጃ ይከፈላል፤ በየአምስት ዓመቱ እያንዳንዱ ምድብ ወደሚቀጥለው ዕድሜ ይሸጋገራል፣ የሞቱት ይቀነሳሉ፣ የፈለሱትም ይታሰባሉ። የተማረና ያልተማረ ሰው የሞት መጠን እንዲሁም የተማረችና ያልተማረች እናት የወሊድ መጠን የተለያየ ተደርጎ ይወሰዳል። ሁሉንም የሚሸከመው ታሳቢ ግን ሰው አንድ ጊዜ ከጎለመሰ በኋላ የትምህርት ደረጃው አይለወጥም የሚለው ነው። ኬንያዊው ኪማኒ ማሩጌ በ2004 በ84 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ቢገቡም፣ እንደ እርሳቸው ላለ ተማሪ በዚህ ስሌት ቦታ የለም።

በ2050 ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት በሙሉ በ2020 ቢያንስ 20 ዓመት ሞልቷቸዋል። ስለዚህ ስለ እነርሱ የሚቀርበው ትንበያ ከሞላ ጎደል ያለፈው ዘመን ትምህርት ቤቶች ታሪክ ነው። ፈጣን መስፋፋትን፣ መካከለኛ ጉዞንና የተገታ ዕድገትን የሚያስቡት የትንበያው አማራጮች በዚህ ዕድሜ ላይ እምብዛም አይራራቁም፤ የሚለያዩት ከወጣቶቹ ምድቦች ጀምሮ ነው። በዚህ ምክንያት የሁለቱን አገሮች ጠቅላላ መቶኛ በአንድ ዓመት ላይ ማወዳደሩን ትቼ፣ የኤክሴል ረድፎቹን በልደት ዘመን አደራጀኋቸው።

ረድፎቹ እንዲህ ሲቀመጡ እያንዳንዱን ትውልድ በሕፃንነቱ ከገጠመው ፖሊሲ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ኬንያ በ1974 የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ክፍያ አንሥታ ነበር፤ ያኔ ስድስት ዓመት የሆናቸው በ1968 የተወለዱት ናቸው። በሕንፃ መዋጮ ስም ወጪው ተመልሶ ቢመጣም፣ በ2003 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደገና ነፃ ተደረገ። በእኛ አገር ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ነፃ እንዲሆን የደነገገው የ1994 (1986 ዓ.ም.) ፖሊሲ ሲወጣ ሰባት ዓመት የሆናቸው በ1987 የተወለዱት ናቸው፤ በ2050 ገና 63 ዓመታቸው ነው። ከእነርሱ በፊት የተወለዱት ብዙ ያልተማሩ ኢትዮጵያውያን በዚያን ጊዜም በሕይወት ይኖራሉ፣ ስለሆነም የዛሬ ሕፃናት ሁሉ ትምህርት ቤት ቢገቡ እንኳ ጠቅላላው መቶኛ በአንዴ አይወርድም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የመጀመሪያ ደረጃን ማጠናቀቅ በየዘመኑ ምን ማለት እንደነበር ማጣራቱ ነው። በኢትዮጵያ ከ1994 በፊት ስድስተኛ ክፍል ነበር፣ በዚያ ዓመት ፖሊሲ ስምንተኛ ሆነ፣ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ ወደ ስድስተኛ መልሶታል። በኬንያ ሰባት ዓመት የነበረው በ1985 ስምንት ሆነ፣ ከ2017 ጀምሮ በተተካው ሥርዓት ስድስት ነው። አንድ ዓምድ ላይ አንድ ስም ቢጻፍም ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሰው እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ «ያጠናቀቀ» ወይም «ያላጠናቀቀ» ሊባል ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ለሚጀምር ሰው የምመክረው የደረጃውን ስም ትቶ የክፍሉን ቁጥር በራሱ ሠንጠረዥ ላይ እንዲጽፍ ነው።

የመነሻው መረጃም እኩል አይደለም። ኬንያ በ2019 ቆጠራ አድርጋ 47.6 ሚሊዮን ሕዝብ መዝግባለች፤ በእኛ በኩል ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ቆጠራ ስላልተደረገ ከዚያ በኋላ ያለውን ለማወቅ በናሙና ጥናት ላይ መደገፍ ግድ ነው። የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 48 በመቶ፣ ከወንዶች 28 በመቶ ምንም ትምህርት እንዳልነበራቸው ያሳያል፤ በኬንያ የ2014 ጥናት ተመሳሳዩ አኃዝ 7 እና 3 በመቶ ነው። እነዚህን ከ25 ዓመት በላይ ካለው ትንበያ ጋር በአንድ ግራፍ ላይ ማሳየት ግን ተገቢ አይሆንም፣ አረጋውያኑ በጥናቱ የዕድሜ ክልል ውስጥ የሉምና።

በመጨረሻ ለባልደረቦቼ ያቀረብኩት ሠንጠረዥ ሴቶችንና ወንዶችን የለየ ሲሆን፣ ከመቶኛው አጠገብ የሰው ብዛትን ይዟል። መቶኛው እየወረደ ሕዝቡ ሲያድግ ብዛቱ ላይቀንስ ስለሚችል፣ ስንት አመቻች (የጎልማሶች አስተማሪ) እና ስንት መማሪያ መጽሐፍ እንደሚያስፈልግ የሚያቅድ ሰው የሚሠራው በብዛቱ ነው። በግርጌውም በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በቄስ ትምህርት ቤት ወይም በቁርኣን ቤት ፊደል የለየ ሰው መደበኛ ትምህርትን ብቻ በሚቆጥር ሠንጠረዥ ውስጥ ያልተማረ ሆኖ እንደሚመዘገብ ጻፍኩ።