ባሕር ዳር ላይ ነፍሳትን ከጎረቤት ጋር መመዝገብ

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ነፍሳት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ከተማሪዎቼ አንዱ ሁልጊዜ እጁን ያወጣል፦ «መምህር፣ ሐይቁ ዳር የምናየው ቢራቢሮ ስሙ ማን ነው?» መጽሐፉ የቢራቢሮን የዕድገት ደረጃዎች አሳምሮ ይናገራል፤ የባሕር ዳርን ቢራቢሮ ግን አያውቀውም። መልስ ፍለጋ የዓለምን የብዝኃ ሕይወት መረጃ በአንድ ቋት የሚያሰባስበውን የጂቢአይኤፍን ካርታ ከፈትኩ። አውሮፓ በነጥብ ተጨናንቋል። ወደ ጣና ሲመጡ ነጥቡ እየሳሳ ይሄዳል፤ የነፍሳቱማ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለ ብቻ ነው። ነፍሳት በሞሉበት አገር ካርታው የሳሳው መዝጋቢ ስለጠፋ ነው። እንግዲያው እኛው እንመዝግብ ተባብለን ተነሣን።

የተጠቀምንበት መሣሪያ አይናቹራሊስት የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌ የማስተርስ ተማሪዎች መመረቂያ ሥራ ሆኖ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በየአገሩ ይሠራበታል። ፎቶ ታነሣላችሁ፣ ቀንና ቦታ ይያዛል፣ የመሰላችሁን ስም ትሰጣላችሁ፤ ሌሎች ተጠቃሚዎች አይተው ይስማማሉ ወይም ያርማሉ። ስም ከሰጡት ሰዎች ከሦስት ሁለት እጅ የሚበልጡት በአንድ ዝርያ ሲስማሙ መዝገቡ ለምርምር የሚበቃ ይባላል። የአጠቃቀም ፈቃዱን ክፍት ካደረጋችሁት ደግሞ ወደ ጂቢአይኤፍ ይሻገራል። ቀን ወይም ቦታ የጎደለው ፎቶ የቱንም ያህል ቢያምር አይሻገርም።

ልጆቹ በመጀመሪያ ሥራውን እንደ አደን ነበር የያዙት። ብርቅ ነገር ያገኘ ይፎክራል፤ ዝንብና ጉንዳን ያገኘ ይሸማቀቃል። እንደዚህ ከቀጠልን የምናተርፈው የቆንጆ ፎቶ ክምር ብቻ መሆኑ ስለታየኝ አንድ መንገድ መረጥን፦ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነሥቶ በሐይቁ ዳር ደንገሉን እየታከከ የሚሄደውን የእግር መንገድ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ነፍሳቱ ገና ሰውነታቸው ሳይሞቅና ክንፋቸው ሳይፈጥን እንሄዳለን። ያየነውን ሁሉ፣ ዝንቡንም ጭምር እንመዘግባለን። ስንፈልገው ቆይተን ያጣነውንም በማስታወሻ ደብተር እናሰፍራለን። መስከረም ላይ አደይ አበባው ሲፈነዳ ቢራቢሮ እንደሚበዛ ለማወቅ ማንም አያስፈልገንም። መጋቢት ላይ ምን እንደሚቀር፣ የቀረውም የት እንደሚጠለል የሚነግራችሁ ግን መጋቢት ላይም በዚያው መንገድ የሄደ ሰው ብቻ ነው። እኛ በደረቁ ወራት ብዙውን ቢራቢሮ ያገኘነው የወፍ ቆሎ አጥር ላይ ነው። የወፍ ቆሎ ከአሜሪካ አህጉር ሞቃት አገሮች የመጣ ወራሪ ተክል ስለሆነ እንዲነቀል የሚመክሩ ብዙ ናቸው፤ ልክም ናቸው። ነቅሎ በምትኩ አገር በቀል አበባ አለመትከል ግን ቢራቢሮውን በበጋ ጦም ማሳደር መሆኑን በዓይናችን አይተናል።

በዚያ መንገድ ላይ ከሁሉም አብልጦ ልጆቹን የያዛቸው የባምባው ዛፍ ነው። ፍሬው ሲበስል ከሥሩ ብዙ ይረግፋል። አንዱን አንሥተን በምላጭ ለሁለት ሰነጠቅነው። ውስጡ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ ጥቋቁር ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። የባምባ አበባ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ፍሬ የምንለው ነገር ራሱ አበባዎቹን በውስጡ የያዘ ከረጢት ነው። ሴራቶሶለን አራቢከስ የምትባለው ትንሽ ተርብ በጫፉ ባለው ጠባብ ቀዳዳ እየተጋፋች ትገባለች፤ ስትገባም ክንፏ ይቀነጠሳል። ከሌላ ዛፍ የያዘችውን ብናኝ ለአበባዎቹ አድርሳ፣ እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። ከእንቁላሎቹ ክንፍ የሌላቸው ወንዶች ቀድመው ይፈለፈላሉ። ከሴቶቹ ጋር ከተገናኙ በኋላ የፍሬውን ግድግዳ ቦርቡረው መውጫ ያበጁላቸዋል፤ ሴቶቹም ብናኝ ይዘው በዚያ ይበራሉ። ያለዚህች ተርብ ባምባው የሚበቅል ዘር አያፈራም፤ ያለ ባምባውም ተርቧ የምትራባበት የላትም። ስንት ትውልድ በባምባው ጥላ ተቀምጦ ዕርቅ አውርዷል፣ ዕቁብ ጥሏል! ይህ ሁሉ ጉዳይ ከራሳችን በላይ ሲካሄድ መኖሩን ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል። ዋርካውና ሾላውም ለየራሳቸው ተርብ አላቸው፤ ገና አልደረስንባቸውም።

ሥራው ከትምህርት ቤት ግቢ የወጣው በሎሚ ዛፍ ምክንያት ነው። ሽምብጥ የሚኖሩ አንዲት እናት የሎሚያቸውን ቅጠል ትል እየበላባቸው ተቸግረው ፍሊት ሊነፉበት ነበር። ልጃቸው ከቡድናችን ናትና «እማዬ፣ ሳትነፊው መምህር ይየው» ብላ አስቆመቻቸው። ሄደን ስናይ ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ቡናማና ነጭ ነገር ተለጥፏል፤ ጎንበስ ብለን ስንመረምረው እግር አለው። ያ አባጨጓሬ ቆዳውን እየቀየረ አድጎ አረንጓዴ ሆነ። ልጅቷ በእንጨት ጫፍ ነካ ስታደርገው ከጭንቅላቱ ኋላ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ለስላሳ ቀንድ ብቅ አድርጎ የሚሰነፍጥ ሽታ ለቀቀ። በመጨረሻ ከሙሽሬው የወጣው ጥቁር ክንፉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ የፈሰሰበት ትልቅ ቢራቢሮ ነው፤ ሳይንሱ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይለዋል። ልጆቹ ስሙን ሲጠይቁኝ የከረሙት ይኸው ነበር! እናትየው ቢራቢሮው ክንፉን ሲያደርቅ ቆመው ካዩ በኋላ «በሉ እንግዲህ፣ ያቺን የግንብ በኩል ቅርንጫፍ ለእነሱ ትቻለሁ» አሉ። ልጅቷ ከአንድ ዛፍ ላይ እንቁላሉን፣ አባጨጓሬውን፣ ሙሽሬውንና ቢራቢሮውን በየቀናቸው መዝግባለች። ከመዝገባችን ሁሉ እኔ የምኮራበት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ «እኛም ግቢ አለ» እያለ ይጠራን ጀመር።

ሌሊቱን የያዙልን ደግሞ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በር ላይ የሚያድሩ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። የእሳት እራት ከእሳቸው የበለጠ የሚያይ ማን አለ? ነጭ አንሶላ ከመብራቱ ሥር ግድግዳው ላይ ወጥረን፣ እንዴት እንደሚያነሡ አሳየናቸው። ጋሼ በቴክኖ ስልካቸው የሚያነሡት ፎቶ ከብዙዎቻችን የጠራ ነው፤ ምክንያቱም አይቸኩሉም። የበሩ አምፖል ከቢጫ ወደ ነጭ በተቀየረ ጊዜ የእሳት እራቱ መብዛቱን ቀድመው የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ጉዳዩ እውነት ነው፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ከቢጫው ይልቅ ነፍሳትን ይስባል። አሁን ፎቶ ሲጨርሱ የአንሶላውን መብራት ያጠፋሉ፤ አለዚያ ሳይበተኑ ነግቶባቸው ወፎቹ ይለቅሟቸዋል።

እንዲህ ያለ ሥራ ለምትጀምሩ ሁሉ አስቀድሜ የምናገረው የሰዓትና የቀን ነገር ነው። ደብተር ላይ «መስከረም 12፣ ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው መተግበሪያው ውስጥ ሲገባ «ሴፕቴምበር 22፣ 9 ሰዓት» መሆን አለበት። እንዳለ ከገባ የቀን ቢራቢሮ በውድቅት ሌሊት ሲበር ሊመዘገብ ነው። ስለዚህ ደብተራችን ላይ ለሁለቱም አቆጣጠር ዓምድ አስመርን፤ የሚያስገባውም አንድ የተመደበ ሰው ነው። ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ውስጡ ያለው የቀንና የቦታ መረጃ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ከተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። ይህችን ካወቅን በኋላ ከጎረቤት የሚመጣው ሁሉ የሚጠቅም ሆነ።

ስለ ፎቶው ብዙ አልልም። አንድ ነፍሳ ቢያንስ ከላይና ከጎን ይነሣ፤ ቢራቢሮ ከሆነ የክንፉ የታችኛው ገጽ ይታይ፤ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ቢቀመጥ መጠኑ ይለካል። የአፍሪካን ጥንዚዛ ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ ጥቂት ስለሆነ ብዙው መዝገብ ቤተሰቡ (ተቀራራቢ ዝርያዎች በአንድነት የሚመደቡበት ወገን) ላይ ቆሞ ዝርያው ሳይታወቅ ይቆያል። ይቆይ። ፎቶው ከነቀኑና ከነቦታው ካለ፣ የሚያውቀው ሰው ሲመጣ ያገኘዋል።

«ዝንብ ፎቶ ማንሣት ምን ይበጃል?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቁን ብዙ ናቸው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን ገብቶ በቆሎውን ሲበላ አርሶ አደሩ ምን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በ2019 የገባው የበረሃ አንበጣ በ2020 ሲበረታ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ተራው ሰው ያየውን በስልክ የሚያሳውቅበት መተግበሪያ አውጥቶ ነበር። ትንኝም አለ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ከእስያ የመጣ የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያቱ እሱ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግ አይፈልግም፤ የከተማ ሮቶና በርሜል ይበቃዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል የሌለው ቤት የት አለ? ልጆቹ ዝርያውን ይለያሉ አልልም፤ ያ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። ግን በርሜል ከፍተው እጩን ማየት ይችላሉ፦ የወባ ትንኝ ወገን የሆነው እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ጋደም ይላል፤ የሌሎቹ ትንኞች እጭ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ጋደም ያለውን ሲያዩ ፎቶ ያነሣሉ፣ ለሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይናገራሉ፣ በርሜሉ ይከደናል። ከዚህ በኋላ ምን ይበጃል ብሎ የጠየቀን የዚያ ሰፈር ሰው የለም።

ስልክ አውጥቶ ቁጥቋጦ ላይ የሚያነጣጥር ሰው በዚህ ዘመን ዝም ተብሎ አይታለፍም። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይዘን፣ ቀበሌውን አስፈቅደን፣ የምናነሣቸውን ነፍሳት የሚያሳይ ወረቀት አሠርተን ነው የምንወጣው። ድልድይ፣ ካምፕና የመንግሥት ሕንፃ ባለበት ስልክ አናወጣም፤ የትኛውም ቢራቢሮ ከልጅ ደኅንነት አይበልጥም። ትንንሾቹ ልጆች የራሳቸውን መለያ አይከፍቱም፣ በወላጅ ወይም በአስተማሪ መለያ ይሠራሉ። ከሰው ግቢ የተነሣ ፎቶ ከሆነ የቦታው ነጥብ ተሸፍኖ ሰፊ አካባቢ ብቻ እንዲታይ እናደርጋለን። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ሥራው አልቆመም። ስልኩ ያለ ኢንተርኔትም ቦታውን ከሳተላይት ይይዛል፤ መተግበሪያውም መዝገቡን አስቀምጦ መስመር ሲመጣ ይልካል። ስልክ የሌላቸው በደብተር ጻፉ። እንዲያውም የደብተሩ ጽሑፍ ይሻላል፤ «ደመና ነበር፣ ንቦቹ አልወጡም» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ያገኘነው በዚያ ጊዜ ነው።

ጎጃም የማር አገር ነውና አናቢ ሳንጨምር መሥራት አይቻልም ነበር። ከቤዛዊት ማዶ ንብ የሚያነቡ አንድ አባት ከእኛ ጋር መሄድ ሲጀምሩ እኛ ንብ ያልነውን ግማሹን «ይቺ ንብ አይደለችም፣ ንብ መስላ የምትኖር ዝንብ ናት፤ ክንፏን ቁጠር» እያሉ አረሙን። ልክ ናቸው፤ ዝንብ ሁለት ክንፍ፣ ንብ አራት አላት። የእሳቸው ቅሬታ የፀረ አረምና የፀረ ተባይ ርጭት ነው። አበባ በፈነዳበት ማሳ ላይ እኩለ ቀን ሲረጭ ንቡ እዚያው ያልቃል። የሚረጭ ሰው ንቡ ከገባ በኋላ ወደ ማታ ቢረጭ ጉዳቱ ይቀንሳል። አሁን በመዝገባችን የተረጨበትን ቀን ለብቻው እንጽፋለን፤ ከንቡ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ስናየው ለቀበሌው የምናሳየው ነገር ይኖረናል።

ጣዝማ ያሳዩንም እኚሁ አባት ናቸው። መናደፊያ የሌላት፣ ከመሬት ሥር የምትኖር ትንሽ ጥቁር ንብ፤ መግቢያዋ ጣት የማያስገባ የሰም ቱቦ ነው። ማሯን ሕዝቡ ለመድኃኒት ስለሚፈልገው ጎጆዋ የታወቀ እንደሆነ ይቆፈራል፤ የተቆፈረ ጎጆ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይድንም። ስለዚህ የጣዝማን መዝገብ ቦታውን ሸፍነን አስገባን። በቡድኑ ውስጥም ትክክለኛውን ሥፍራ የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን፤ ልጆቹ ለምን እንደሆነ ተነግሯቸው ተስማምተዋል። በመጪው ኅዳር ማር ሲቆረጥ አባ ሌሎች አናቢዎችን ሊያስተዋውቁን ቃል ገብተዋል። እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን ጎጆ በየወሩ አይተው አለ ወይም የለም ብለው ብቻ ይነግሩናል፤ ቦታውን አንጠይቃቸውም።