ክሎሪኑን ከመመዘኔ በፊት ውሃውን ለካሁ

መጀመሪያ ላይ ለልጆቹ ገንዳ ክሎሪን የምጨምረው በአፍንጫዬ ነበር። ሽታው ሲበረታ እቀንሳለሁ፤ ሲጠፋ እጨምራለሁ። አንድ ቀን ልጄ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። «በዝቷል ማለት ነው» ብዬ ሦስት ቀን ተውኩት። በአራተኛው ቀን ግድግዳው በእጅ ሲነካ ያሟልጫል፤ ውሃውም ወደ አረንጓዴ አድልቷል።

ለካ የገባኝ በተቃራኒው ነው! ያ የሚሰነፍጥ ሽታ በአብዛኛው የክሎራሚን ነው። ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ነገር ነው፤ ዓይን የሚቆጠቁጠውም እሱ ነው። ክሎሪኑ አንሶ እንጂ በዝቶ አልነበረም።

ከዚያ ሜትር አነሳሁ። ገንዳው ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር። ቁመቱን 80 ሳንቲሜትር ብዬ ጻፍኩ፤ ግን ያ የግድግዳው ነው። ውሃው የደረሰው 70 ላይ ነው። የሚለካው ውሃው ነው። የ3 ግማሽ 1.5 ነው፤ 1.5 ሲባዛ በ1.5፣ ሲባዛ በ3.14፣ ሲባዛ በ0.7፦ 4.95 ሜትር ኩብ። 5,000 ሊትር በሉት።

ቀሪው ቀላል ነው። በ1,000 ሊትር ውሃ 1 ግራም ክሎሪን ማለት በሊትር 1 ሚሊ ግራም ነው። ለመዋኛ ከ1 እስከ 3 ይፈለጋል፤ እኔ 2 መረጥኩ። ስለዚህ 10 ግራም። ዱቄቱ ግን ሙሉ በሙሉ ክሎሪን አይደለም፤ ዕቃው ላይ 65 በመቶ ይላል። 10ን ለ0.65 ሳካፍል 15 ግራም ገደማ መጣ። ለዚህ ብቻ የሚሆን ትንሽ ሚዛን ገዛሁ፤ ምግብ አይነካውም።

በባልዲ ውሃ ላይ ዱቄቱን ጨመርኩ (ዱቄቱ ላይ ውሃ አይፈስም፤ ከሌላ ኬሚካልም አይቀላቀልም)፤ አሟሟሁና ገንዳው ውስጥ አዳረስኩት። ከሰዓት በኋላ መመርመሪያ ወረቀቱን ነከርኩ። ዜሮ! ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌና ቆሻሻው በልቶት ነበር። ስሌቱ የሚሠራው ለንጹሕ ውሃ ነው። ደፋሁት፣ ፈገፈግኩት፣ እንደገና ሞላሁ። ያው 15 ግራም አሁን 2 ላይ አደረሰኝ።

ፀሐይም ክሎሪን ታጠፋለች። ስለዚህ የምጨምረው አመሻሽ ላይ ነው፤ ጠዋት ልጆቹ ሳይገቡ እመረምራለሁ። ፒኤቹንም (ውሃው ምን ያህል አሲዳማ ወይም አልካላይን እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር) አያለሁ፤ ከ7.8 ካለፈ ክሎሪኑ ይደክማል።

አሁን የዱቄቱ ክዳን ላይ በማርከር «በ1 ለመጨመር 8 ግራም» ተብሎ ተጽፏል።