ናስትሮ የተለጠፈበት ካሜራ

ቨርጂኒያ መጥቼ በራሴ ላብ የገዛሁት የመጀመሪያው ትልቅ ዕቃ መኪና አይደለም፣ ካሜራ ነው። ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ስሪ፣ ያውም ያገለገለ። ቀን ፓርኪንግ እየሠራሁ፣ ማታ ታክሲ እየነዳሁ ስምንት ወር አጠራቀምኩለት። እጄ የገባ ዕለት የካምፓኒው ስም በትልቁ የተጻፈበትን ማንጠልጠያ አንገቴ ላይ አጠለቅኩና ሲልቨር ስፕሪንግን ስዞር ዋልኩ። እውነቱን ልናገር፣ የዚያን ቀን የወጣሁት ላነሳ ሳይሆን ልታይ ነበር።

እዚህ አካባቢ ለዓመታት የሐበሻ ሰርግ ሲያነሳ የኖረ አብሮ አደግ አለኝ። ካፌ ተቀጣጥረን ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዋጋውንም ጽፈህ ለምን አታንጠለጥለውም?»

ከቦርሳው ጥቁር ናስትሮ አወጣ። እኔ ቡናዬን ሳልጨርስ ከሌንሱ በላይ ያለውን ስም ሸፈነው። ጎኑ ላይ ያለውን የሞዴል ስም ሸፈነው። ሌንሱ ጫፍ ላይ የምትዞረዋን ቀይ ቀለበት እንኳ አልማራትም። ለማያውቅ ሰው ያቺ ቀለበት ጌጥ ናት፤ ለሚያውቅ ግን ሌንሱ ከካኖን ውዶቹ መሆኑን የምትናገር ናት። ማንጠልጠያውን ፈትቶ ስም የሌለው ሰጠኝ። «በቃ አሁን ርካሽ መሰለ» አለኝ። ልጄን ጸጉሯን ላጭተው የመለሱልኝ ያህል ከፋኝ።

ምክንያቱ ሌባ ነው። ስሙን ካላየ አይጓጓም የሚል ነገር። አንድ ዓመት ሙሉ አመንኩበት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሜሪላንድ ሰርግ ውዬ ስመለስ ቡና ልይዝ መኪናዬን አቁሜ ገባሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ብቆይ ነው። ስወጣ የኋላ መስኮቴ አስፋልቱ ላይ እንደ ሩዝ ተበትኗል። ቦርሳው የለም። ካሜራ፣ ሁለት ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ሁሉም።

እዚያው መስታወት ላይ ቆሜ ነው የገባኝ። ካሜራው ላይ ናስትሮ ለጥፌ፣ ካሜራውን የከተትኩት ግን የታወቀ የካሜራ ቦርሳ ውስጥ ነው። ስሙ በነጭ ክር ተጠልፎበታል። ሌባው ካሜራዬን አላየውም፣ ቦርሳውን ነው ያነበበው። ብስቅ ይሻል ነበር፣ አልቻልኩም።

ደግነቱ የሰርጉ ሚሞሪዎች ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ይሄንንም ያስተማረኝ ያው ጓደኛዬ ነው፤ «ሚሞሪ ከካሜራው ጋር አታሳድር» ይለኝ ነበር። እኔን ያዳነኝ ናስትሮው ሳይሆን ይሄኛው ምክሩ ነው። ካሜራ ይገዛል። የሰው ሰርግ ግን ድጋሚ አይደገስም።

ፖሊስ የመጀመሪያ ጥያቄው የካሜራው ሴሪያል ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ያለው ካሜራው ሥር ነው፣ ካሜራው ደግሞ ሄዷል። ቤት ገብቼ ከድሮ ፎቶዎቼ አንዱን ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩና ዝርዝር መረጃውን ሳየው ቁጥሩ እዚያው ተቀምጦ አገኘሁት። ካሜራው ባነሳው ፎቶ ሁሉ ውስጥ መታወቂያውን ሲጽፍ ኖሯል፣ እኔ አላየሁትም እንጂ። ኢንሹራንሱ ግን አልሆነም። የነበረኝ የቤት ተከራይ ኢንሹራንስ ነው። «ገቢ ታገኝበታለህ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያው የሥራ ዕቃ ነው፣ አይሸፈንም» አሉኝ። ለሥራ ዕቃ የሚገባው ሌላ ዓይነት መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ፎቶ እያነሳችሁ ገንዘብ የምትቀበሉ ልጆች፣ ናስትሮ ከመግዛታችሁ በፊት ውላችሁን አንብቡ።

ስለ ሌባ ያለኝ አስተያየት እንግዲህ ይሄ ነው። ካሜራ የሚሰርቅ ሰው ፊደል አይቆጥርም። መጠኑን ያያል፣ ሌንሱን ያያል፣ አያያዝህን ያያል። የካኖን ረጃጅም ሌንሶች ደግሞ ነጭ ናቸው፤ ፀሐይ እንዳያግላቸው ነው ይባላል። እሱን በናስትሮ ልሸፍን ብትል በሬ በነጠላ እንደ መደበቅ ነው።

አዲስ አበባም ያው ነው። ለጥምቀት ሄጄ ጃንሜዳ ልገባ ስል ዘመዶቼ «ሸፍነው፣ ያዩብሃል» ብለው ጨቀጨቁኝ። ሸፈንኩ። ገና በሩ ላይ አንዱ ሊስትሮ «ዲያስፖራ! ጫማ ይጠረግ?» አለኝ። ካሜራውን ቀና ብሎም አላየው። አረማመዴን ነው ያየው።

ታዲያ ሁለተኛውን ካሜራ ስገዛ ለምን እንደገና ለጠፍኩ? የመስታወት ነገር ነው።

የሐበሻ ሰርግ ጠዋት የሚጀምረው መስታወት ፊት ነው። ሙሽሪት ትኳላለች፣ ሚዜዎቿ ዙሪያዋን ይንጫጫሉ፣ እኔ ጥግ ላይ ተለጥፌ አነሳለሁ። አንዴ የማልረሳው ፎቶ አነሳሁ። ልጅቷ የአያቷን የወርቅ ሐብል ስታጠልቅ ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል። ማታ ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋው ከትከሻዋ በላይ፣ መስታወቱ ውስጥ፣ ጨለማው መሀል አምስት ነጭ ፊደላት ተገልብጠው ቆመዋል። እኔ ጥቁር ለብሻለሁ፣ አልታይም። ካሜራው ጥቁር ነው፣ አይታይም። ስሙ ብቻ። የሰው ዕንባ ላይ ማስታወቂያ! ያቺን ቃል ከፎቶው ሳጠፋ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። በመስኮት ውስጥ ለሚያነሳ፣ የሱቅ መስታወት ለሚያነሳ፣ ሁሉም ዘንድ ችግሩ አንድ ነው። ነጭ ፊደል ያንጸባርቃል።

ናስትሮም ያንጸባርቃል እኮ፣ ፕላስቲክ ነው። በዚያ ላይ የቨርጂኒያ ሐምሌ ሲመጣ ሙጫው ይቀልጥና ጣትህ ላይ ይጣበቃል። አሁን የምለጥፈው የፊልም ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን የጨርቅ ፕላስተር ነው፣ ጋፈር ይሉታል። አያብለጨልጭም፣ ሲላጥም ሙጫ አይተውም። በአፌ ግን ዛሬም ናስትሮ ነው የምለው።

ይሄ የኔ ብልሃት አይደለም፣ ዱሮም የነበረ ነው። ፈረንሳዊው ዝነኛ ፎቶ አንሺ ሄንሪ ካርቲየር ብረሶን ላይካ የተባለ ካሜራውን የሚያብለጨልጭ ብረት በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖ ነበር መንገድ ላይ የሚያነሳው። ሰው ካሜራውን እንዳያይበት ነው። የላይካ ካምፓኒ ራሱ በኋላ ነገሩ ገብቶት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን ኤም ፒ ሞዴል ፊቱ ላይ ስሙ የተጻፈባትን ያቺን ዝነኛ ቀይ ነጥብ ሳያደርግ ሸጠው። ዋጋው ግን ባለ ነጥቡን ይበልጥ ነበር። ሌላም የተሻሻለ ነገር አለው፣ አልዋሽም። ቢሆንም ስም ለማስጠፋት ጨምሮ መክፈል! የኔ ናስትሮ ሁለት ዓመት የምታገለግል ጥቅል ናት።

እኛ ሰፈር ግን የላይካ ሒሳብ አይሠራም። ሐበሻ ፎቶ አንሺ ሲቀጥር የካሜራውን ስም ይጠይቃል። «በምንድነው የምታነሳው?» ይላል የሙሽራው አጎት፣ አንድም ፎቶህን ሳያይ። ስሙን የሸፈነ ካሜራ ደግሞ ያስጠረጥራል።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ ሰርግ ላይ ነው። ጠዋት ነው፣ ቤቱ ዶሮ ዶሮ ይላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ሙሽራው ሊደርስ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ በር በሩን ያያል። የሙሽሪት እናት ብቻ እኔን ያያሉ። መጡና ካሜራዬን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«የኔ ልጅ፣ ተሰብሮብህ ነው እንዴ?»

«ምኑ እማማ?»

«ይሄ የለጠፍከው ነዋ። ችግር ካለ ንገረን፣ አንተን አንወቅስም። የልጄ ሰርግ ግን በተሰበረ ነገር...» አሉና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

በዚያች ቅጽበት ስለ መስታወት፣ ስለ ነጸብራቅ ላስረዳ? ፕላስተሩን ላጥ አድርጌ አሳየኋቸው። አጠገባቸው የነበረውን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው «አንብብልኝ» አሉት። ልጁ አነበበ።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው እማማ። ውድም ነው።»

«ስንት?»

መዋሸት አልቻልኩም። ሌንሱን ጨምሬ ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ግራ ቀኝ አዩ፣ ሰው የሰማ እንደሆነ።

«በል ቶሎ ሸፍነው! ይሄን ሁሉ ሰው እያየኸው? ዓይን ይበላብሃል።»

ፕላስተሩን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው መልሰው ለጠፉት። በአውራ ጣታቸው ጥግ ጥጉን ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ ካሜራው ላይ እትፍ እትፍ አሉበት፣ ምራቅ የሌለው። ውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ፣ ሙሽራው ደርሷል። እሳቸው እልል እያሉ ወደ በሩ ሮጡ፣ እኔም ተከተልኳቸው።

ያቺን ቁራጭ እስከ ዛሬ አልቀየርኳትም። ጥጓ ላይ የወጥ ቅባት አለ።