ኮሎምባይትን በሲኒ፣ በማግኔትና በሚዛን መለየት

ከሐረር ወደ ባቢሌ ሲኬድ ግራና ቀኝ የሚታየውን ግራናይትና ናይስ በየቦታው ነጣ ያለ፣ ፌልድስፓሩና ሚካው የጎላ ፔግማታይት (የቀለጠ ድንጋይ፣ ማለትም ማግማ፣ ሲረጋ የሚሠራ፣ ክሪስታሎቹ ትልልቅ የሆኑ ድንጋይ) ይሰነጥቀዋል። ድሬዳዋ ድረስ የሚመጣልኝ ከባድ ጥቁር ድንጋይ ከእንዲህ ያለ ቦታ የተለቀመ ነው፤ የሚያመጡት ሁሉ የሚጠይቁትም አንድ ነው፦ «ታንታለም፣ ያ ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚፈለገው ብረት፣ ነው ወይ?» ናሙናውን ለላቦራቶሪ ከመስጠቴ በፊት ጠረጴዛ ላይ የምሠራው እንደሚከተለው ነው።

ኮሎምባይት የብረት፣ የማንጋኒዝ፣ የኒዮቢየምና የታንታለም ኦክሳይድ ነው። የኒዮቢየምና የታንታለም አዮኖች መጠናቸው እኩል ሊባል ስለሚችል በአንድ ክሪስታል ውስጥ አንዱ የሌላውን ቦታ ይይዛል። በአቶም ክብደት ግን ታንታለም 181፣ ኒዮቢየም 93 ነው። ስለዚህ ታንታለም በገባ ቁጥር ድንጋዩ መጠኑ ሳይጨምር ይከብዳል፤ ኒዮቢየም ብቻ የያዘው እፍግታው (ክብደቱ እኩል መጠን ካለው ውሃ ስንት እጥፍ እንደሆነ) 5.3፣ ታንታለም ብቻ የያዘው ደግሞ 8 አካባቢ ነው። አንድ ተራ ሚዛን ብዙ ነገር ሊነግረን የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሚዛኑ በፊት ግን ማግኔት። ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን እፍግታው 5.2 ስለሆነ ኒዮቢየም ከበዛበት ኮሎምባይት ጋር በክብደት አይለይም። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚለጠፈውን ወዲያው ወደ ጎን አደርገዋለሁ። ኮሎምባይት በዚህ ማግኔት አይነሳም፤ ከኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የሚወጣው ኃይለኛ ማግኔት ግን ደቃቁን ፍርፋሪ በደካማው ይስበዋል።

ቀጥሎ ሲኒ። የሲኒው መቀመጫ ዙሪያ ያለው ያልተለበጠ ነጭ ቀለበት ላይ ድንጋዩን ጫን አድርጌ አሰምራለሁ። ኮሎምባይት ጥቁር ወይም ወደ ቀይ የሚያደላ ጥቁር ቡናማ መስመር ይተዋል። ሌላው የብረት ማዕድን፣ ሄማታይት፣ መስመሩ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ካሲተራይት፣ ማለትም የቆርቆሮ ማዕድኑ፣ 7 ገደማ እፍግታ ይዞ ሊያታልል ይችላል፤ መስመሩ ግን ነጭ ወይም ፈዛዛ ነው። ከሚመጡልኝ ጥቁር ድንጋዮች አብዛኛው ጥቁር ቱርማሊን ነው፤ እሱ ከሲኒው ስለሚጠነክር ሲኒውን ይጭረዋል እንጂ ጥቁር ቀለም አይተውም። እፍግታውም 3.2 ስለሆነ በእጅ ሲመዘን እንኳ ያስታውቃል።

አሁን ሚዛኑ። ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ድንጋዩን ደረቁን እመዝናለሁ። ከዚያ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ወደ ዜሮ እመልሰዋለሁ፤ ድንጋዩን በቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር አስሬ፣ ታችም ጎንም ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠለጥለዋለሁ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ድንጋዩ ገፍቶ ያስወጣው ውሃ ክብደት ነው። ደረቁ 34.20፣ ውሃ ውስጥ 5.70 ቢያሳይ፣ 34.20 ለ 5.70 ሲካፈል 6.0 ይሆናል።

የሚያበላሹት ነገሮች ጥቃቅን ናቸው። ስንጥቅ ውስጥ የቀረ አየር እፍግታውን ዝቅ ያደርጋል፤ ድንጋዩን ጥቂት ደቂቃ ቀቅዬ አቀዘቅዘዋለሁ፣ ውሃው ላይም አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጨምራለሁ። የተለጠፈ ፌልድስፓር ከዚህ ይብሳል፦ ከድንጋዩ መጠን አንድ አሥረኛው ፌልድስፓር ከሆነ 6.0 የነበረው ወደ 5.66 ይወርዳል፤ ስለዚህ በመዶሻ ጠርዝ አጸዳዋለሁ። በድሬዳዋ ሙቀት ቬንትሌተር ማጥፋት ይከብዳል፣ ግን ነፋሱ ቁጥሩን አያስቆመውም፤ ስለዚህ በልኬቱ ጊዜ ቬንትሌተሩ ይጠፋል። ናሙናው ትንሽ ከሆነ ደግሞ ውጤቱን ማመን የለብንም። 2.10 ግራም የሚመዝነው 0.35 ፋንታ 0.36 ቢያሳይ 6.0 የነበረው 5.8 ይሆናል። ከ10 ግራም በታች ያለውን ለብቻው አልመዝንም፤ ተመሳሳይ ቁርጥራጮችን በአንድ ክር አስራቸዋለሁ።

ውጤቱ ሲነበብ 6.0 ማለት ከኒዮቢየምና ከታንታለም አቶሞች ከአራቱ አንዱ ያህል ታንታለም ነው። 6.6 ከሆነ እኩል በእኩል ነው፤ በክብደት ሲሰላ ግን የታንታለም ኦክሳይዱ 52 በመቶ፣ የኒዮቢየሙ 31 በመቶ ገደማ ይሆናል። ገዥና ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚጋጩት አንዱ በአቶም፣ ሌላው በክብደት ስለሚያወራ ይመስለኛል። ይህ ግምት የላቦራቶሪ ትንታኔን አይተካም፤ የትኛው ናሙና ለትንታኔ ገንዘብ እንደሚገባው ግን ይለያል።

አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ስብራቱ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ፣ ዙሪያው ያለው ፌልድስፓር ቀልቶ እንደ ፀሐይ ጨረር በየአቅጣጫው የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ዩክሴናይት ወይም ሳማርስካይት ሊሆን ይችላል። እነዚህም ኒዮቢየም አላቸው፤ ጨረር የሚያመነጩትን ዩራኒየምና ቶሪየምንም ይይዛሉ። አይፈጩ፣ አቧራቸው ወደ ሳንባ አይሳብ፣ መኝታ ቤት አይቀመጡ።

ናሙና የሚያመጡልኝን ሁሉ ከፔግማታይቱ የትኛው ክፍል እንደተወሰደ ከረጢቱ ላይ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ፦ ከዳሩ፣ ከመካከለኛው ወይስ ከኳርትዝ እምብርቱ አጠገብ። ማግማው እየረጋ ሲሄድ ታንታለምና ማንጋኒዝ ወደ መጨረሻው ፈሳሽ ስለሚሰበሰቡ፣ ዳር ያለው ኮሎምባይት ብረትና ኒዮቢየም ይበዛበታል፣ ኋላ የረጋው ደግሞ ወደ ታንታለም ያደላል። በታንታለሙ የሚታወቀው የጉጂው ቀንጢቻ ሊቲየም ያለበትን ስፖዱሜን መያዙም የዚሁ የመጨረሻ ፈሳሽ ሥራ ነው። ከዳር የተለቀመ 5.5 ሲወጣ ቦታውን ከመተው በፊት፣ ነጭ ስስ ሽፋን በሽፋን የሆነው አልባይት የተባለው ፌልድስፓር ካለበት ክፍል ሌላ ናሙና እንዲመጣልኝ አደርጋለሁ።